ከጠረጴዛ እስከ አበቅቴ፦ ስምንት ቀን በግሪክ

አንደኛ ቀን

አቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሼ አንብቤ የገባኝ የመጀመሪያው የግሪክኛ ቃል «ትራፔዛ» ነው። ከገንዘብ ማውጫ ማሽኑ በላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ከመምጣቴ በፊት ማታ ማታ ፊደላቸውን ስለማመድ ከርሜ ነበር። አንድ በአንድ ቆጥሬ አነበብኩት። ጠረጴዛ! ልትቀበለኝ የመጣችው ጓደኛዬ «እሱማ ባንክ ማለት ነው» አለችኝ። ጥንት ገንዘብ ለዋጮች ገበያ መሐል ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጡ ነበር፤ ስሙም በዚያው ጸና። እነሱ ባንኩን ያዙ፣ እኛ ዕቃውን ያዝን።

ባቡር ውስጥ ቃል ስንለቅም ሄድን። ወንጌል፣ ዲያቆን፣ ጳጳስ፣ መነኩሴ፣ ቀኖና። ሁሉም በግዕዝ በኩል ከዚህ የመጡ ናቸው። «አየር» የምንለው እንኳ የእነሱ ነው። ኢዛናም አክሱም ላይ ድንጋይ ሲያስጽፍ በግዕዝ ብቻ አልተወም፤ በግሪክኛም አስጽፏል። አገሩ ባዕድ ቢሆንም ባዕድ ቤት የገባሁ አልመሰለኝም።

ጓደኛዬ እዚህ ከመጣች 14 ዓመቷ ነው። ኪፕሴሊ የሚባል ሰፈር ትኖራለች፤ አንዲት ግሪካዊት አሮጊት ትንከባከባለች። ጊዜው የ2016 ዓ.ም. ዓቢይ ጾም ነው። አሮጊቷም ይጾማሉ። ለእራት ምስር ሠርታ ጠበቀችኝ። ለእሳቸው ግን ኦክቶፐስ ጠብሳለች። ደም ስለሌለው በጾም ይፈቀዳል አሉ። ስምንት እግሩ ሳህን ላይ ተጠቅልሎ ሳየው እኔ ዓይኔን ወደ ምስሩ መለስኩ። እሳቸው ግን ከመብላታቸው በፊት አማተቡ። እኔም አማተብኩ። እሳቸው ከቀኝ ወደ ግራ፣ እኔ ከግራ ወደ ቀኝ።

ለዚህ ጉዞ ያወጣሁት የእቁብ ብር ነው። ሦስት ዓመት የጣልኩት ሲወጣልኝ ቤተሰቡ ሁሉ ወርቅ ግዢበት አለኝ። እኔ ግን አንድ ሐሳብ ነበረኝ። ታናሽ ወንድሜን በዘጠኝ ዓመቱ የሚጥል በሽታ ጀመረው። ይህ በሽታ እንደማንኛውም በሽታ ነው ብሎ በጽሑፍ የሞገተ የመጀመሪያው ሐኪም የዚህ አገር ሰው ነው። ትምህርቱም የሚያያዘው ቆስ ከምትባል ደሴት ጋር ነው። መጨረሻዬ እዚያ ነው።

ሁለተኛ ቀን

ጠዋት አርዮስፋጎስ ወጣን። ከአክሮፖሊስ ግርጌ ያለ ራሰ በራ ዐለት ነው። ስንት ዘመን ሲረገጥ ኖሮ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17ን ያነበበ ሰው ቦታውን ያውቀዋል። ጳውሎስ «ለማይታወቅ አምላክ» ተብሎ ከተጻፈበት መሠዊያ ተነስቶ ያስተማረው በዚሁ በአርዮስፋጎስ ነው። ከዚያ በፊት ገበያው ላይ ኤፊቆሮስና ኢስጦኢኮች ከሚባሉት ፈላስፎች ጋር ተነጋግሯል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የምዕራፉ መጨረሻ ነው። አንዳንዶቹ አፌዙበት። ሌሎቹ ደግመን እንሰማሃለን አሉት። ጥቂቶች አመኑ። ማንም ድንጋይ አላነሳም። ልስጥራ ላይ ግን ወግረው፣ የሞተ መስሏቸው ከከተማ ውጭ ጎትተው ጥለውታል። አቴንስ ውስጥ ተናግሮ በእግሩ ወጣ።

አክሮፖሊስን አየሁ። ያምራል። ብዙ ሰው ስለ ጻፈበት እኔ አልጨምርም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፕኒክስ ሄድን። ከአክሮፖሊስ ፊት ለፊት ያለ ኮረብታ ነው። ጎብኚ የለም ማለት ይቻላል። ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፤ ጫፉ ላይ ከዐለቱ ተፈልፍሎ የወጣ መድረክ ከነደረጃው ቆሟል። በቃ ይኸው ነው። ለእኔ ግን የአቴንስ ልብ ይህ ነው። የከተማው ዜጎች በዓመት 40 ጊዜ ያህል እዚህ ይሰበሰቡ ነበር። አዋጅ ነጋሪው ይነሳና «መናገር የሚፈልግ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ባለመርከቡም ጫማ ሰፊውም እኩል ነው። ሰው ገበያ ላይ ሲዘገይ ደግሞ በቀይ ቀለም የተነከረ ገመድ ዘርግተው እየነዱ ያመጡታል። ልብሱ ላይ ቀይ የተገኘበት ይቀጣል። ኋላ ላይ ለመጣ ሰው አበል መክፈል ጀመሩ፤ ድሃው የቀን ሥራውን ትቶ እንዲመጣ። ይህቺ አበል ብዙ ነገር ትናገራለች። መብት ያለ እንጀራ ወረቀት ብቻ እንደሆነ የገባቸው ሰዎች ነበሩ።

መድረኩ ሥር ቆሜ ግን ደስታዬ ሙሉ አልሆነም። ሴት እዚህ አትናገርም ነበር። ባሪያ ድምፅ የለውም። መጤ ግብር ይከፍላል፣ ይዘምታል፣ አይመርጥም። ጓደኛዬ ዐለቱን በእጇ እየዳበሰች «እኔ ብሆን ሁለት ጊዜ እከለከል ነበር፤ በሴትነቴና በመጤነቴ» አለች። ዝም አልኩ። እውነቷን ነው። ቢሆንም ያ ጥያቄ ከጠያቂዎቹ በለጠ። «የሚፈልግ» ካልክ በኋላ ማንን ትከለክላለህ? ይህን ያሉት በኋላ የመጡት፣ የተከለከሉት ራሳቸው ናቸው። እስኪያሸንፉ ድረስም ከ2,000 ዓመት በላይ ፈጀባቸው።

እዚሁ ኮረብታ ላይ ሜቶን የሚባል ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ433 ገደማ የፀሐይ መመልከቻ ተክሎ ነበር። ፀሐይና ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ተመልሰው ይገጣጠማሉ አለ። ባቢሎናውያንም ይህን ያውቁ ነበር። ቁጥሩን ያዙልኝ፣ 19። ከነገ ወዲያ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ ቀን

አጎራ። የጥንቱ ገበያ። ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋልኩ፤ ጓደኛዬ ሥራ ስለነበራት ብቻዬን ነኝ።

በደቡብ ምዕራብ ጥግ አጭር የድንጋይ ምሰሶ ቆማለች። ጽሑፏ «እኔ የአጎራ ወሰን ነኝ» ይላል። ድንጋይ በራሷ አንደበት ስትናገር ደስ ይላል። ከአጠገቧ የአንድ ትንሽ ቤት መሠረት አለ። ቆፋሪዎች እዚህ የጫማ ሚስማርና ከአጥንት የተሠሩ የገመድ ቀለበቶች አገኙ፤ የተሰበረ የጽዋ ታችም አገኙ። ጽዋው ላይ «የስምዖን» ተብሎ ተጽፏል። በጥንት ጸሐፊዎች ዘንድ ሶቅራጥስ ስምዖን የሚባል ጫማ ሰፊ ሱቅ እየሄደ ያወራ እንደነበር ይነገራል። ሶቅራጥስ ደግሞ ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው ነው። ጫማ ሊገዛ እንዳልሄደ ግልጽ ነው። ሚስማሮቹን ሙዚየሙ ውስጥ አየኋቸው። ጭንቅላታቸው ሰፋ ያለ፣ ዝገት የበላቸው፣ ጥፍር የሚያክሉ ናቸው። ስለ ፍትሕ ምንነት በዓለም ላይ ሲነበብ የሚኖረው ወሬ ምናልባት በእነዚህ ሚስማሮች መሐል ነው የተወራው። ከሐውልቱ ሁሉ እነዚህ ነኩኝ።

ሙዚየሙ ያለበት ረጅም አዳራሽ፣ የአታሎስ ስቶዋ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንደ አዲስ የተሠራ ነው። ውስጡ ግን እውነተኛው ዕቃ ተቀምጧል። መጀመሪያ የፍርድ ቤቱን የውሃ ሰዓት አየሁ። ሁለት የሸክላ ዕቃ ነው። የላይኛው ከግርጌው ቀዳዳ አለው፤ ውሃው ወደ ታችኛው ይፈሳል። ፈስሶ እስኪያልቅ ስድስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከሳሽ የተወሰነለትን ያህል ውሃ ይናገራል፣ ተከሳሽም እንዲሁ። ጠበቃ የለም፤ እያንዳንዱ ስለራሱ ይቆማል። የኛ አባቶች «በላ ልበልሃ» እያሉ የሚሟገቱት ትዝ አለኝ። ባለጸጋም ሆነ ድሃ ውሃው እኩል ነው። ስድስት ደቂቃ ብትሆንም የራስህ ናት።

ከዚያ የዕጣ ማሽኑ። «ክሌሮቴሪዮን» ይሉታል። የእብነ በረድ ሰሌዳ ነው፤ ፊቱ ላይ በረድፍ በረድፍ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት። ዳኛ መሆን የሚፈልግ ዜጋ ስሙና የአባቱ ስም የተቀረጸባትን ትንሽ ሳንቃ ስንጥቁ ውስጥ ይሰካል። በጎኑ ባለው ቱቦ ጥቁርና ነጭ ኳሶች ይለቀቃሉ። ነጭ ከወጣ ያ ረድፍ በሙሉ የዛሬ ዳኛ ነው። ጥቁር ከወጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ማን እንደሚፈርድ እስከዚያ ጠዋት ማንም አያውቅም። ስለዚህ ማንን ጉቦ ትሰጣለህ? መስታወቱ ላይ ተደግፌ ቀዳዳዎቹን ስቆጥር የእቁባችን ዕጣ ታወሰኝ። በጠርሙስ ክዳን ተነቅንቆ ሲወጣ ማንም ቅር አይለውም፤ ሁሉም ዓይኑ እያየ ነዋ። አቴናውያን ያን ለመንግሥት ሥራ አዋሉት። አምስት መቶውን የምክር ቤት አባላትም የሚመርጡት በዕጣ ነው። ዛሬ ምርጫ ብቻ ዲሞክራሲ ይመስለናል። እነሱ ግን ምርጫ ለሀብታምና ለታዋቂ ያደላል ብለው ያስቡ ነበር። ይህን ሐሳባቸውን በዓለም ላይ ብዙ ሰው ረስቶታል፤ መርሳቱ ጎድቶናል ብዬ አምናለሁ።

ሸክላ ስባሪዎቹም አሉ። አንድን ሰው በጣም ጎልብቷል ብለው ከፈሩ ስሙን ስባሪ ላይ ጭረው ይጥላሉ፤ ድምፁ ከበዛበት አሥር ዓመት ከከተማ ይወጣል። ንብረቱ አይነካም። ቴሚስቶክሊስ የሚለው ስም በብዛት አለ። የፋርስን መርከቦች ያሸነፈው ሰውዬ ነው። ከአክሮፖሊስ ሰሜናዊ ተዳፋት ካለ ጉድጓድ 190 ያህል ስሙ ያለባቸው ስባሪዎች ወጥተዋል። የእጅ ጽሑፉ ሲመረመር የ14 ሰዎች ብቻ ሆነ። ለማደል ቀድመው የተዘጋጁ ናቸው ማለት ነው። ያኔም አዘጋጅቶ ማከፋፈል ነበረ።

ይህቺው ከተማ ሶቅራጥስን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ገደለችው። በዕጣ በወጡ ዳኞች፣ በእኩል ውሃ፣ በሕጋዊ ድምፅ። አማልክትን አላከበርክም፣ ወጣቱን አበላሸህ ተብሎ። አጎራውን ለቅቄ ስወጣ ይህ ነገር ከብዶኝ ነበር። የዕጣ ማሽኑ ጉቦን ይከለክላል። ፍርሃትን አይከለክልም።

አራተኛ ቀን

ብሔራዊው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም። እዚህ የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1900 በአንቲኪቴራ ደሴት አጠገብ የሰፍነግ ጠላቂዎች የሰጠመ ጥንታዊ መርከብ አገኙ። ከሐውልቶቹ ጋር አንድ የነሐስ ጓል ወጣ። አረንጓዴ፣ የተቃጠለ ዳቦ የሚመስል። ሲሰነጠቅ ጥርስ ያለው ጎማ ታየ። ዛሬ 82 ስባሪ ነው፤ 30 ጥርስ ያላቸው ጎማዎች ተቆጥረውበታል። ዕድሜው ከ2,000 ዓመት በላይ ነው። ትልቁ ስባሪ በመስታወት ውስጥ ቆሟል። አራት ጨረር ያለው ጎማ ፊቱ ላይ ይታያል፤ ጥርሶቹ እንደ መጋዝ ጥርስ ደቃቅ ናቸው። በጎን ያለውን እጀታ ስታዞረው የፀሐይንና የጨረቃን ቦታ ይነግርሃል። ግርዶሽ መቼ እንደሚሆን ይነግርሃል። ከኋላው ያለው ትልቅ ጠመዝማዛ ሰሌዳ 235 የጨረቃ ወር ይዟል። 235 ወር 19 ዓመት ነው። የሜቶን 19!

እዚህ ላይ ቁጭ አልኩ። አያቴ ቤት አንድ የኔታ የጣታቸውን አንጓ እየቆጠሩ አበቅቴ ሲያወጡ አያቸው ነበር። ልጅ ስለነበርኩ ድግምት ይመስለኝ ነበር። ድግምት አይደለም። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው፣ የፀሐይ 365። በየዓመቱ 11 ቀን ይተርፋል። ትርፉ ሲጠራቀም 30 በሞላ ቁጥር አንድ ወር ተብሎ ይወጣል፤ የቀረው አበቅቴ ነው። ቃሉ ራሱ ግሪክኛ ነው፤ «ኤፓክቴ»፣ የተጨመረ ማለት። ዘንድሮን እንውሰድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 2016 ሲደመር 7516። ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል። አንዱን ለዘመን ብለን ስንቀንስ 10 ቀረ፤ ይህ ቁጥር ወንበር ይባላል። 10 በ11 ሲባዛ 110። 90ውን ሦስት ወር ብለን ስናወጣ 20። የ2016 አበቅቴ 20 ነው። ሙዚየሙ ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ፣ በስልኬ ጀርባ ወረቀት አስደግፌ ይህን ሠራሁ። የኔታ ቢያዩኝ ደስ ይላቸው ነበር።

ለ19 የምናካፍለው ለምንድነው? በየ19 ዓመቱ ጨረቃና ፀሐይ ስለሚገጥሙ። ንኡስ ቀመር የምንለው ይህንኑ ነው። ማዕከላዊ ቀመር ደግሞ 76 ነው፣ አራት ጊዜ 19። ካሊፖስ የሚባለው ግሪካዊ የሜቶንን ዑደት አርሞ ያወጣውም 76 ነው፤ በዚህ መሣሪያ ላይም ለእሱ ትንሽ ሰሌዳ እንደነበረው ይታመናል። መንገዱም ይታወቃል። የግሪክኛ ትምህርት ማዕከል የነበረችው እስክንድርያ ናት። አባቶቻችን ባሕረ ሐሳብን የሚሰጡትም ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ነው። ከዚያ ወደ ግዕዝ።

መሣሪያው ላይ ቁጥር የሚጻፈው በፊደል ነው። አልፋ አንድ፣ ቤታ ሁለት፣ ጋማ ሦስት። የኛን ፩፣ ፪፣ ፫ አጠገባቸው ብታስቀምጥ እናትና ልጅ ናቸው። ፲ ዮታ ነው፣ ፳ ካፓ፣ ፻ ሮ። ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ስንጽፋቸው ኖርን።

ማታ አሮጊቷን ፋሲካ መቼ እንደሆነ በጓደኛዬ በኩል ጠየቅኳቸው። ግድግዳቸው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ገለጡ። ሜይ 5። በኛ ሚያዝያ 27። አንድ ቀን ነው። ጣታቸውን እዚያ ቀን ላይ አስቀምጠው ፈገግ አሉ።

አምስተኛ ቀን

ዴልፊ፣ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት። ተራራው ግዙፍ ነው፤ ከሥሩ የወይራ ዛፍ እስከ ባሕር ይወርዳል። የአፖሎ ቤተ መቅደስ ስድስት ዓምድ ቀርቶታል። ነገሥታት ጦርነት ከመግጠማቸው በፊት እዚህ መጥተው ያስጠነቁሉ ነበር። ግሪኮች ሁሉን በአእምሮ የሚመዝኑ ሰዎች ነበሩ የሚል ካለ ዴልፊን አላየም።

መግቢያው ላይ ተጽፈው ነበር የሚባሉትን ሁለት ምክሮች ዓለም ያውቃቸዋል። «ራስህን እወቅ»፣ «ከልክ አትለፍ»። ሦስተኛ እንደነበረ ግን ብዙ ሰው አያነሳም፤ «ዋስ ከሆንክ ጥፋት አጠገብህ ነው»። ይህቺን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። ለጓደኛው የባንክ ዋስ ሆኖ ቤታችን ሊሸጥ ምንም አልቀረው። የአፖሎን ቤት ሲሠሩ እንኳ የቤተሰብ ችግር አልረሱም።

ስድስተኛ ቀን

የአሪስቶትል ትምህርት ቤት ሊኬዮን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1996 መሐል ከተማ ለአዲስ ሙዚየም ሲቆፈር መሠረቱ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ለጎብኚ ተከፈተ። ዝቅ ያለ ግንብ ብቻ ነው፤ ዙሪያው ጦስኝ ተተክሎበት ይሸታል። ፈረንሳዮች «ሊሴ» የሚሉት ከዚህ ስም ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ የሊሴ ገብረ ማርያምን ደንብ ልብስ ለብሶ የሚሄድ ልጅ የዚህን ቦታ ስም ይዞ ይሄዳል። የፕላቶ አካዳሚም በዚህችው ከተማ አለ። አሁን የሰፈር መናፈሻ ነው፤ መግቢያ አይከፈልም። ወይራ ሥር ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። እኛ ሰፈር በየመንገዱ «አካዳሚ» የሚል ሰሌዳ አለ። ባለቤቶቹ ስንቶቹ ይህን መናፈሻ ያውቁ ይሆን? በግዕዙ መጽሐፈ ፈላስፋ እኮ አፍላጦንም አርስጣጣሊስም በስማቸው አሉ። ለቀደሙት ሊቃውንት እንግዳ አልነበሩም።

ከአሪስቶትል የምወደው እንቁላሎቹን ነው። ዶሮ ከታቀፈቻቸው እንቁላሎች በየቀኑ አንዳንድ እየሰበሩ ማየት። ሦስተኛው ቀን ላይ ልቧ እንደ ደም ጠብታ ሆና ብቅ ትላለች፤ ትዘላለች ይላል። ገልጦ አይቶ ነው የጻፈው። ይኸው ሰው ግን አንዳንዱ በተፈጥሮው ባሪያ ነው ብሎ ጽፏል። ያንን ዓረፍተ ነገር ለብዙ ዘመን የባሪያ ነጋዴ ወዳጆች ጠቀሱት። ይህን ይቅር ማለት ይከብደኛል። ስለ አንጎልም ተሳስቷል። የምናስበው በልባችን ነው፣ አንጎል ደም ማቀዝቀዣ ነው ብሎ ያምን ነበር። እሱ ራሱ ግን ስለ መምህሩ ስለ ፕላቶ ሲጽፍ ወዳጅም እውነትም ውድ ናቸው፣ እውነትን ማስቀደም ግን ይገባል ብሏል። ስለዚህ እሱን ለመተቸት ፈቃዱን የሰጠኝ ራሱ ነው።

ሰባተኛ ቀን

ከፒሬየስ ወደብ በመርከብ ተነሳሁ። ጓደኛዬ ዳቦና ወይራ ቋጥራልኛለች። ሌሊት ላይ መርከቡ አንድ ደሴት ጋ ቆመ። ጥቂት መብራት ከኮረብታው ላይ ይታያል። ድምፅ ማጉያው ስሙን ሲጠራ ተነሳሁ። ፍጥሞ። ዮሐንስ ራእይ ያየባት። ሰው ሁሉ ተኝቷል። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ መብራቶቹ እስኪጠፉ አየሁ።

ስምንተኛ ቀን

ቆስ። ከተማው ውስጥ ከምሽጉ አጠገብ የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ሂፖክራተስ አስተማረበት የሚባል ግዙፍ ዛፍ አለ። ውስጡ ባዶ ሆኗል፤ ቅርንጫፎቹ በብረት ተደግፈዋል። 500 ዓመት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ያኛው ዛፍ ሊሆን አይችልም። ቢሆንም ሥሩ ተቀመጥኩ።

ከዚያ አራት ኪሎ ሜትር ያህል በእግሬ ወደ አስክሌፒዮን ሄድኩ። በሦስት እርከን የተሠራ የፈውስ ቦታ ነው። ከላይኛው እርከን ባሕሩና የቱርክ ተራሮች ይታያሉ። ሕንጻው ከሂፖክራተስ በኋላ የተሠራ ነው። ሰዎች ለፈውስ አምላኩ ለአስክሌፒዮስ እየሰገዱ እዚህ ፈውስ ይለምኑ ነበር። ሐኪሞቹም እዚያው ደሴት ላይ ነበሩ። ሁለቱ ጎን ለጎን ኖሩ።

ወንድሜን መጀመሪያ የጣለው ቡና ሲፈላ ነው። ከሰል ምድጃው ላይ ወደቀ። ዛሬም ግራ አንጓው ላይ ጠባሳው አለ፤ የተጨማደደ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የቡና ስኒ ማስቀመጫ የሚያክል። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ክብሪት ለኩሶ አፍንጫው ላይ አጨሰበት። አንዷ ለሃጩ ይጋባል፣ አትንኩት ብላ ጮኸች። ማንም አላነሳውም፤ እናቴ ነች ያነሳችው። ይማርበት የነበረ አንድ ትምህርት ቤት ወላጆች ፈርተዋል ብሎ ለብቻው ጥግ አስቀመጠው። ዓመት ሙሉ ብቻውን። ጸበል ወሰድነው። ጸበሉ ቦታ የነበሩት አባት ደግ ነበሩ፤ «ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው፣ ውሰዱት» አሉ። ሐኪሙ ጋ ስንደርስ እናቴ እያለቀሰች «ምን አድርገን ነው የያዘው?» አለችው። ሐኪሙ ወንበሩን አቅርቦ «ምንም አላደረጋችሁም። አንጎሉ ነው። ይህን እኮ ከ2,400 ዓመት በፊት አንድ ግሪካዊ ጽፎታል» አለ። ያን ቀን እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ተኛች።

ጽሑፉን በኋላ ፈልጌ አነበብኩት። በሂፖክራተስ ስም ከሚጠሩት ወደ 60 ከሚጠጉ ጽሑፎች አንዱ ነው፤ እሱ ራሱ ይጻፈው ወይም ሌላ ሐኪም አይታወቅም። ያኔ ይህን በሽታ «የተቀደሰው በሽታ» ይሉት ነበር፤ አማልክት ያመጡታል ብለው። ጸሐፊው ሲጀምር ከሌላው በሽታ የበለጠ የተቀደሰ አይደለም፣ እንደሌሎቹ ምክንያት አለው ይላል። ሰዎች ከአምላክ ነው ያሉት ስላልገባቸውና ስለገረማቸው ነው ይላል። ከዚያ በአጥማቂ ነን ባዮች ላይ ይነሳል። ጥቁር አትልበሱ፣ የፍየል ቆዳ ላይ አትተኙ፣ እግር በእግር ላይ አታነባብሩ እያሉ ገንዘብ ይሰበስባሉ ይላል። ምክንያቱ አንጎል ነው ይላል። ደስታም፣ ሐዘንም፣ ሳቅም፣ ለቅሶም የሚመጣው ከዚያ ነው። ዝርዝሩን ተሳስቷል፤ አክታ የደም ሥር ሲዘጋ ነው ይላል። ቦታውን ግን አልሳተም። ደግሞ ማስረጃ ያቀርባል። ይህ በሽታ ፍየልን ይይዛል፤ የታመመች ፍየል ራስ ክፈቱና እዩ፣ አንጎሏ በውሃ የተሞላ፣ የሚሸት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያን ጊዜ የሚጎዳው በሽታው እንጂ አምላክ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

«ክፈቱና እዩ።» ላይኛው እርከን ላይ ተቀምጬ ይህን ለራሴ ደጋግሜ አልኩት። እመኑኝ አላለም። ተልእኮ ተሰጠኝ አላለም። አንተም ሄደህ እይ ነው ያለው። የ235 ወሩ ቆጠራም እንዲህ ነው፤ ነጩና ጥቁሩ ኳስም ሁሉም ዓይን ፊት ነው የሚወድቀው።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ወንድሜ በቪዲዮ ደወለ። ሰዓታችን አንድ ነው። አሁን 27 ዓመቱ ነው፤ ስልክ ጥገና ይሠራል። ከጣለው አራት ዓመት አልፎታል። ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ስልክና አጉሊ መነጽሩ ይታያሉ። ዛፉን አሳየሁት፤ ስለ ፍየሏ ነገርኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝ።

«እትዬ፣ በምን ከፈታት?»

«ምኑን?»

«ራሷን። የራስ ቅል እኮ ጠንካራ ነው። ሳይነካው አንጎሉን ለማየት ጥሩ መሣሪያ ያስፈልጋል።»

ይህን ጽሑፉ አይናገርም አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ፤ የሚያስብበት ፊቱን አውቀዋለሁ። ከዚያ «ቆይ አንዴ» ብሎ ከመሳቢያው ክኒኑን አወጣ፤ በውሃ ዋጠው፤ ብርጭቆውን ከተከፈተው ስልክ ራቅ አድርጎ አስቀመጠው።